ሀገራችንን እንወቅ፤ መንዝ፥ ሣር የሚከበርበት አገር



ሰው የሩቅ አገር ከተሞችን ስም በቃሉ ቢወጣ፥ የራሱን አገር ተራራና ወንዝ ግን ለይቶ መጥራት ቢያቅተው፥ ዕውቀቱ ሙሉ ነው አይባልም። በዚህ ዓምድ በየጊዜው አንድ አገር እያነሣን፥ መልክአ ምድሩንና የቀድሞ ታሪኩን፥ የሕዝቡንም ኑሮ በቤተ ሰብ መካከል እንዲነበብ ማቅረባችን ስለዚህ ነው። በዚህ ወር የምንጓዘው ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ፥ ወደ መንዝ ነው።

መንዝን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ይህ ብርዳም አገር በሀገራችን ታሪክ ውስጥ ከስፋቱ የሚበልጥ ድርሻ ስላለው ነው። ሁለተኛው ግን እኛ ራሳችን ከመንዝ ሰዎች የተማርነው፥ እስከ ዛሬም ዕዳው ያልተከፈለ አንድ ትምህርት ስላለብን ነው። እርሱን በቦታው እንናገራለን።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያም ሜዳውን አቋርጦ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ዋናው መንገድ በዚህ ስፍራ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቍልቍል ይወርዳል። ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው ግን ወደ ቈላው አይወርድም፤ ከዋናው መንገድ ተለይቶ በተራራው ጫፍ ጫፍ ወደ ሰሜን ያቀናል። በስተቀኙ ምድሩ በድንገት ተቈርጦ ይወርዳል፤ ደመናውም ብዙ ጊዜ ከመንገደኛው እግር በታች ነው። ደመናው ሲገለጥ የኤፍራታ፥ የግድምና የቀወት ቈላ በሩቁ ይታያል። በዚያ ማሽላ በፀሐይ ይበስላል፤ እዚህ ላይ ግን ሰው በቀትር ጋቢውን ይደርባል።

የመንዝን ወሰን ተፈጥሮ ራሷ አበጅታዋለች። በደቡብ የሞፈር ወንዝ፥ በምዕራብ የአዳባይና የወንጪት ወንዞች፥ በሰሜን የቀጭኔ ወንዝ ይከቡታል። በምሥራቅ ደግሞ ከቈላው የሚለየው ረጅም የተራራ ሰንሰለት አለ። በዚህ ሰንሰለት ላይ የሚዘንመው ዝናም ሁለት ዕጣ ይደርሰዋል፤ ወደ ምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ፥ ወደ ምዕራብ የወረደው በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ቀን በአንድ ተራራ ላይ ከወደቁት ሁለት ጠብታዎች አንዱ በአፋር በረሓ ሲቀር፥ ሁለተኛው እስከ ግብጽ ይጓዛል ማለት ነው። ይህን ለልጆች ስንነግራቸው እጅግ ይደነቃሉ፤ እኛም ዛሬ ድረስ መደነቃችንን አልተውንም።

አገሩ ከላይ ሲያዩት የተዘረጋ ሜዳ ይመስላል። ነገር ግን በሜዳው መካከል የሚጓዝ ሰው ሳያስበው ከገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ወንዞቹ ምድሩን በጥልቀት ስለ ቈፈሩት፥ ከማዶ ያለ ጎረቤት ድምፁ ይሰማል፤ ወደ ቤቱ ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን ወርዶ ግማሽ ቀን መውጣት ያስፈልጋል። በዚህ ደጋ በሰፊው የሚበቅለው ገብስ ነው፤ ስንዴና ባቄላም ይዘራሉ። ገበሬው ሁለት ነገር ይፈራል፤ አንዱ የበልግ ዝናም መቅረት ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ሌሊት መጥቶ ያሸተውን እህል የሚያደርቀው ውርጭ ነው። ዛፍ አነስተኛ ስለ ሆነ ማገዶው በአብዛኛው ኩበት ነው። ቤቱ በሌላው አገር እንደ ተለመደው በጭቃና በእንጨት ብቻ ሳይሆን፥ በድንጋይ ካብ ይሠራል።

ይህን ብርድ የሚያስችለው የበግ ፀጕር ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አነስተኛ፥ ላቱ ወፍራም፥ ፀጕሩ ሻካራና ብዙ ነው። ሴቶቹ ፀጕሩን ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ከእርሱም ባና፥ ዝተትና በርኖስ ይሠራል። የመንዝ ባና እንደ መሬቱ ሻካራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የለበሰው ሰው በደጋ ሌሊት ሌላ ልብስ አይመኝም። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመንዝ ገበሬዎች ከእንስሳት ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ጥሩ ጥሩውን አውራ በግ በጋራ እየመረጡ የበጉን ዘር ለማሻሻል መጣራቸው ይታወቃል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። በአገሬው ትውፊት መንዝ በሦስት አባቶች ስም ይጠራል፤ እነርሱም ማማ፥ ላሎና ጌራ ናቸው። ማማ ምድር በመካከል፥ ላሎ ምድር በደቡብ፥ ጌራ ምድር በሰሜን ነው። ቀድሞ ከግሼ ጋር ተጣምሮ መንዝና ግሼ አውራጃ ይባል ነበር፤ ዛሬ በወረዳዎች ተከፍሏል። መሐል ሜዳ የጌራ፥ ሞላሌ የማማ፥ ወገሬ የላሎ፥ ዘመሮ የቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ነው።

በ1520ዎቹ የግራኝ አሕመድ ጦር ደጋውን ሲያጥለቀልቅና ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሰደዱ፥ ከልጆቻቸው አንዱ አቤቶ ያዕቆብ በመንዝ ተሸሽገው ቀሩ ይባላል። ንጉሡም ዐረፉ። መናገሻው ቈይቶ ወደ ጎንደር ሲሄድ የያዕቆብ ዘር በመንዝ ቈየ። ከዚህም ዘር የሚቈጠሩት ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመንዝ ተነሥተው አገሩን በአንድ አስተዳደር ሥር ማሰባሰብ ጀመሩ። ከእርሳቸው በኋላ ስብስትያኖስ፥ አብዬ፥ አምኃ ኢየሱስ፥ አስፋ ወሰን፥ ወሰን ሰገድ፥ ሣህለ ሥላሴና ኃይለ መለኮት ተከታትለው ሸዋን ገዙ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ነገሡ። የልጅ ልጃቸው ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በአባታቸው እናት በኩል የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው።

እንግዲህ አስተውሉ። ከዚህ ቤት የወጡት ነገሥታት አንኮበርን፥ ኋላም አዲስ አበባን መናገሻ አደረጉ፤ ቤተ መንግሥቱም ከብርዱ አገር እየራቀ ሄደ። ለመንዝ የቀረው ገብሱ፥ በጉና ስሙ ነው። ከመንዝ መሳፍንት ወጥተዋል እንጂ፥ በመንዝ የታነጸ ታላቅ ግንብ የለም። ይህ አገር የሚታወቅበትን ቅርስ የሚፈልግ ሰው ከድንጋይ ሥራ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ልማድ መመልከት አለበት።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ጊዜ፥ ራስ አበበ አረጋይ ይመሩት የነበረው የሰሜን ሸዋ አርበኛ በእነዚህ ገደሎችና አምባዎች ተጠግቶ ተዋግቷል። ከነጻነትም በኋላ ሌዊን የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ መንዝ ድረስ ሄደው ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው፥ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን «ሰምና ወርቅ» የተባለ መጽሐፋቸውን ለማዘጋጀት ብዙውን ነገር ያገኙት ከዚሁ አገር ነው። የሩቅ አገር ሰው መጥቶ ያጠናውን እኛ ሳናውቀው መቅረታችን ሊያሳፍረን ይገባል።

ከመንዝ ጥንታውያን የጸሎት ሥፍራዎች መካከል በጌራ ምድር የሚገኘው አርባራ መድኃኔ ዓለም ስሙ በሩቅ ይሰማል። ነገር ግን ዛሬ በሰፊው ልንናገርለት የወደድነው በሰው እጅ ያልተሠራ፥ ዳሩ ግን የሰው ቃል የጠበቀው ሌላ ቅርስ ነው። ይኸውም ጓሳ ነው።

ጓሳ የሣርም የቦታም ስም ነው። ሣሩ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፥ ገመድ ይገመድበታል፥ እረኛው ከዝናም የሚሸሸግበት ገሳ ይሠራበታል። ቦታው በምሥራቁ የተራራ ሰንሰለት ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፥ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገመት ሣራማ ደጋ ነው። በዚያ ጅብራ እንደ ዓምድ ቆሞ ይታያል፤ አስታው ከድንጋይ ሥር ተጠግቶ ይበቅላል፤ ጦስኙም ሲረግጡት ይሸታል። ማለዳ ውርጩ ሣሩን ሁሉ ነጭ ያለብሰዋል፤ ፀሐይ ስትወጣም ምድሩ ሁሉ ይጤሳል።

በዚህ ሣር መካከል በሌላው ዓለም የማይገኙ ፍጥረታት ይኖራሉ። አንዱ ጭላዳ ነው፤ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ ዋና ምግቡ ሣር የሆነው እርሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም አይገኝም፤ ለአቅመ ርቢ የደረሱት በጠቅላላው ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ሁለቱ በጓሳ ሜዳ ላይ በሰላም ተቀላቅለው ይውላሉ። ጭላዳዎቹ ግልገል ይዘው ሣር ሲነጩ፥ ቀበሮው በመካከላቸው ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ያድናል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፥ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራ 25 ያህሉ ሲሠምርለት፥ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሠምርለታል። ግልገሎቹን ቢነካ ይህን ጥቅም ባጣ ነበር። ስለዚህ በቅርብ ያለውን ሲሳይ ትቶ በጉርብትናው ይኖራል። ይህን ለልጆች ለመንገር ተረት መፈልሰፍ አያስፈልግም፤ እንዳለ መናገር ይበቃል።

ይህ ሜዳ እንዴት ሳይታረስ ቀረ? ሌላው ደጋ እስከ ገደል አፋፍ ድረስ ሲታረስ፥ ጓሳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተጠበቀው ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ነው። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ለልጅ ልጆቻቸው ሣሩን ከለሉት ይባላል። ሕዝቡ በጉባኤ የሚመርጠው አለቃ አባ ቄራ ይባላል። ጓሳው ሦስት፥ አራት፥ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት በተከታታይ ይዘጋል፤ በዚህ ጊዜ ማንም አያጭድም፥ ማንም ከብት አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስ አለቃው የመክፈቻውን ቀን በቤተ ክርስቲያን፥ በገበያና በለቅሶ ቤት ያስነግራል። በበጋው ወራት፥ ወደ የካቲትና መጋቢት ገደማ፥ በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይገባል። ክረምት ሲገባ፥ ጾመ ሐዋርያት በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ገደማ፥ ሁሉም ለቆ ይወጣል፤ ጓሳውም እንደ ገና ይዘጋል። እንግዲህ መሬቱ ይጠበቅ የነበረው በአጥር አይደለም፤ ሕዝቡ ሁሉ በአንድነት በሚያውቀው የጾምና የበዓል ቀን ነው።

ይህ ሥርዓት ብዙ መቶ ዓመታት ከኖረ በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ በርስት ላይ የተመሠረተው ቄሮ አብሮ ፈረሰ። በአንድ በኩል ሲታይ፥ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነውም ሰው የሣሩ ተካፋይ ለመሆን በቃ፤ ይህ ፍትሕ ነው። በሌላ በኩል ግን የሁሉም የሆነው ነገር ጠባቂ አጣ፤ ሣሩም ተጐዳ። ኋላ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው በየቀበሌው ተወካይ መርጠው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የቀድሞውን መዝጋትና መክፈት በአዲስ መልክ መለሱት። ዛሬ ቦታው የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ይታወቃል።

አሁን ዕዳችንን እንናገር።

ከዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት፥ ገና ወጣት መምህር ሳለን፥ በመንዝ በአንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ወሩ ኅዳር ነበረ። የወላጆች በዓል ስለ ደረሰ ክፍሉን ለማሳመር አሰብን፤ ወለሉ ዐፈር ነበርና ሣር ሊጐዘጐዝበት ፈለግን። ከተማሪዎቻችን ከፍ ከፍ ያሉትን ሦስቱን ጠርተን፥ «ሂዱና ከጓሳ ጥሩ ሣር አጭዳችሁ አምጡ» አልናቸው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ አፉን ሊከፍት ብሎ ተወው። እኛም መልካቸውን አይተን፥ ስንፍና መሰለንና ተቈጣን። ሄዱ።

በማታ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሦስተኛው ከነሸክሙ ተይዞ ነበር። በማግሥቱ የልጁ አባትና አንድ ሽማግሌ ወደ ቤታችን መጡ። ጓሳው ተዘግቶ ሳለ ማጨድ መቀጫ እንዳለበት፥ መቀጫውም የሚወርደው በአባትዮው ላይ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ሰማን። አባትዮው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ሻሻቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። እኛ ግን፥ ዛሬ ስናስታውሰው እናፍራለን፥ ከማዘን ይልቅ መከራከር ጀመርን። «ለትምህርት ቤት እኮ ነው፤ ደግሞስ አንድ ሸክም ሣር ምን ያህል ነው?» አልን።

ሽማግሌው በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያም፥ «መምህር፥ አላወቁም እንጂ ይህን ሣር ሦስት ዓመት ጠብቀነዋል። በዚህ ክረምት የኔ ቤት አፍስሷል፤ የኚህም ቤት አፍስሷል፤ ሣሩ እዚያ ቆሞ እያየነው አላጨድንም። አንድ ሸክም ቢታጨድ ጓሳው አያልቅም። የሚያልቀው ቃሉ ነው» አሉን።

መልስ አልነበረንም። በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ቆመን፥ ጥፋቱ የልጁም የአባቱም እንዳልሆነ፥ ያዘዝነው እኛ እንደ ሆንን ተናገርን፤ መቀጫውንም ከደመወዛችን ከፈልን። ጉባኤው ይቅር አለን፤ ምሳም ጠሩን። ይህ ቀላሉ ነገር ነበር።

የከበደን ሌላ ነው። ልጁን ለብቻው ጠርተን፥ «መዘጋቱን ታውቅ ኖሯል?» ብለን ጠየቅነው። «አዎን፥ አውቃለሁ» አለን። «ታዲያ ለምን አልነገርኸንም?» ብንለው፥ ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ፥ «መምህር አዘው» አለን። በዚያ ዓመት ስለ አገር ፍቅርና ስለ ሕግ ማክበር ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ጽፈን አስተምረን ነበር! ልጁ ግን ሕጉን ከእኛ ይልቅ ያውቅ ነበር፤ ከአባቱ ቤት ይዞት መጥቶ ነበር። እኛ በአንድ ትእዛዝ ያስተማርነው ነገር ቢኖር፥ ከፍ ያለ ሰው ካዘዘ የአገሩ ቃል ሊፈርስ እንደሚችል ነው። ይህን ትምህርት ከልቡ ፍቀን አውጥተንለት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለንም። ዕዳው አልተከፈለም ያልነውም ስለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወደ መንዝ ደጋግመን ሄደናል። በየጊዜው የቆርቆሮ ክዳን እየበዛ፥ የሣር ክዳን እያነሰ ሲሄድ አይተናል። የሚያፈስ ቤት በቆርቆሮ መከደኑ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ በዚህ የሚያዝን ሰው በሣር ቤት ክረምትን ያላሳለፈ ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይከተላል። አባቶች ጓሳን የጠበቁት ሣሩ ስለሚያስፈልጋቸው ነበር፤ ችግራቸው ዘበኛ ሆኖ አገለገለ። ሣሩ ለክዳን የማያስፈልገው ትውልድ ሲመጣ ቃሉን የሚጠብቀው ምንድን ነው? የሜዳው ውኃ በወንዞቹ በኩል ለታችኛው አገር እንደሚደርስ፥ ቀይ ቀበሮውም ሌላ መኖሪያ እንደሌለው ልጆቹ ካላወቁ፥ የነገ ልጅ ሜዳውን አይቶ ያልታረሰ መሬት ብቻ ይመስለዋል። ጥቅሙ በዐይን የሚታይ ነገር በራሱ ይጠበቃል፤ ጥቅሙ ከሩቅ የሆነ ነገር ግን የሚጠበቀው በትምህርት ነው። ይህ ሥራ ደግሞ የመምህር ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የአባትና የእናት ነው።

ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ በዚህ ወር አንድ ማታ ከራት በኋላ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ጠይቋቸው። በአቅራቢያችን የሚፈሰው ወንዝ ስሙ ማን ነው? ከየት ይነሣል? ወደ ማን ይገባል? አያቶቻችሁ በጋራ ይጠብቁት የነበረ ደን፥ ምንጭ ወይም መስክ አለን? ማን ይከፍተው፥ ማን ይዘጋው ነበር? ልጆቹ የማይመልሱት ነገር ቢኖር አትቈጡ፤ ምናልባት እናንተም የማታውቁት ይሆናልና፥ አብራችሁ ከአያቶች ጠይቁ። መንዜ የሆናችሁ ደግሞ፥ በከተማም ብትሆኑ በባዕድ አገር፥ የሐምሌን 5 ቀን ስታከብሩ ያ ቀን ለአባቶቻችሁ ከበዓል ሌላ ምን ትርጕም እንደ ነበረው ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

በእኛ በኩል፥ ያን ጊዜ አፉን ሊከፍት ብሎ የተወውን ልጅ እናስባለን። ከዚያ ቀን ወዲህ በየትኛውም ክፍል ውስጥ ትእዛዝ ከመስጠታችን በፊት ልጆቹ ሲተያዩ ካየን፥ ቆም ብለን፥ «ምን አለ? የማናውቀው ነገር ካለ ንገሩን» ማለትን ለምደናል። ብዙ ጊዜም የማናውቀው ነገር ይገኛል።

ቸር ያሰንብተን።